የመንዲዳ ባክላይት

አምፖሉስ ተገኘ፤ ከሞተ ራዲዮ አራት ነቀልኩና
እንደ እንቁላል አኖርኩት፣ በገለባ ቁና።
ትራንስፎርመሩም አለ፤ ክብደቱ የሙክት ራስ ያህላል፤
የቸገረኝ ቦርዱ ነው፤ ይኼን ሁሉ ግለት ማን ይሸከማል?

ስሱን አውቀዋለሁ፣ የቻይና ቴፕ ሆድ ዕቃ፣
ሲግል ጠቁሮ የሚጎብጥ፣ መዳቡ ተላጦ የሚያበቃ።
መክተፊያም ሞክሬ ነበር፣ ነጩን ፕላስቲክ፣ የቤቱን፤
(ዘነበች ዛሬም ትፈልገዋለች፣ አልነገርኳትም መጥፋቱን።)
መበየጃው ሲነካው እንደ ቅቤ ለሰለሰ፤
ቀዳዳው ዐይኑን ጨፈነ፣ ሥራዬም ፈረሰ።

«ጽድ ነው፣ ደረቅ ነው» ብሎ ታናሼ ሳንቃ አመጣ፤
ደረቅ ነበር፣ እስከ ሐምሌ፤ ጉሙ ከጣርማ በር እስኪወጣ።
ደብረ ብርሃን በሐምሌ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፤
እንጨቱ ጠጣ። ሦስት መቶ ቮልት መንገድ ካገኘ አይጠይቅም፣
ከምስማር ወደ ምስማር ሾለከ፤
ስፒከሩ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ጉንፋናም አለከለከ።

አንድ ቅዳሜ ቁራሌው ክንፉ «የምትወደው ቡናማ ነገር» አለኝ፤
ከጆንያው ሥር ጎትቶ አንድ ገበታ አሳየኝ።
ከመንዲዳ ነው፣ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት፣
የማብሪያው ሣጥን መዝጊያ፣ ስድስት ሚሊ ውፍረት፣
በዱቄት የተለሰነ፣ ማዕዘኑን አይጥ የሞከረ፤
በጥፍሬ አንኳኳሁት፤ እንደ ሸክላ ጮኸ። ባክላይት ነበረ!
«ሦስት መቶ!» «ሁለት መቶ!» ስንባባል ብርዱ ገላገለን፤
የጠባሴ ነፋስ በሁለት መቶ ሃምሳ አስማምቶ ለየን።

በሞርሳ አሰርኩት፣ መንጋጋው እንዳይነክሰው ጨርቅ አልብሼው፤
ሰጌቶዬን በውሃ እያራስኩ ጀመርኩ፣ ብናኙን ፈርቼው።
(ብናኙን የናቀ ባልንጀራ ነበረኝ፤ በቅንፍ ልተወው።)
ሲቆረጥ እንደ ተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፣ እንደ ሆስፒታል በር።
በእርሳስ አላሰምርም፤ እርሳስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤
በወስፌ እጭራለሁ። ጭረት ታማኝ ነው፣ እርሳስ ግን ያሳብቃል።

ግማሽ ላይ ስደርስ ገለበጥኩት፣ ከጀርባው ልጨርስ፤
ዱቄቱን በመዳፌ ስጠርግ ብቅ አለ፣ እርሳስ!
የዱቤ መዝገብ ነው። ወፍጮኛው ወረቀት ጠፍቶት ይሆናል፣
ሞተሩ እያጓራ፣ መዝጊያውን ከፍቶ፣ ከውስጥ ጽፎታል፦

ይፍቱሥራ — ስንዴ፣ አንድ ቁና።
የደምሰው ልጅ — ሽምብራ፣ ሦስት ጊዜ።
ወርቅያንዣቡ — ገብስ፣ ሁለት ቁና። ቀሪ።

ወርቅያንዣቡ እናቴ ናት።
«ከፍያለሁ» ብላ ምላ ነበር፤ እሱ «የለም» ሲላት፣
ገብሷን በአህያ ጭና እስከ ደነባ ተመላለሰች፤
የመንዲዳን ወፍጮ በር ዳግም ሳትረግጥ ሞተች።

እርሳሱ መጥፋት አለበት። ይኼ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤
ሦስት መቶ ቮልት በካርቦን ላይ ሲሄድ ለማንም አያዳላም።
ጥጥ በአረቄ ነከርኩ፤ ይፍቱሥራን ፋቅኩ፣ ስንዴዋን ማርኩላት፤
የደምሰውን ልጅ ፋቅኩ።
እጄ እሷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ብፍቀው «ከፍለሻል» አልኳት፤
ብተወው «አልከፈልሽም»። ማን አድርጎኝ ነው ዳኛ፣
ሁለቱም ከሞቱ ወዲያ፣ ሰጌቶ የያዘ መናኛ?

ሜትሬን አወጣሁ። አዞርኩት፣ እንደገና ለካሁ፤
የኃይሉን መስመር ወደ ላይ፣ እሷን ወደ ታች ገፋሁ፣
ዜሮ ቮልት ወዳለበት ጫፍ፣ ሽቦ ሁሉ ወደሚያርፍበት፣
እኛ በሙያችን «መሬት» ወደምንልበት።
ሦስት ጣት ባክላይት ባከነ፤ ይባክን።

ጠርዙን ሞረድኩ፤ ትራፓኖው ሠላሳ ስምንት ቀዳዳ በሳ፤
ሠላሳ ዘጠነኛውን ዘለልኩት፣ ስሟ እንዳይነሣ።

መብራት የመጣው ማታ በሦስት ሰዓት ነው። አምፖሎቹ ቀሉ።
ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ጣልኩ፤ ማጉረምረም የለም፣ ዝምታ ነው ሙሉ።
ከሥር፣ በመሬት በኩል፣ ሁለት ቁና ገብስ ቀስ ብሎ ሞቀ፤
ተከፈለ፣ አልተከፈለ፣ እስካሁን አልታወቀ።

ዘነበች ከጓዳ ወጣች፤ ተራፊዋን አንሥታ ገለባበጠች፤
«ይቺ ለሽንኩርት መክተፊያ አትሆንም?» አለች።
በዐይኗ ነው የያዘችኝ።